እንግዳ የሌለበት ሳሎን

እኛ አገር ቤት የሚያምረው ለእንግዳ ነው። ቤቴል ያለው ቤታችን ውስጥ ሳሎኑ ከዓመት ዓመት ተወልውሎ፣ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ በየመጠናቸው ተደርድረው ሰው ይጠባበቃሉ። የቤቱ ሰው ግን ምሳውን የሚበላው ማድ ቤቱ በር ላይ፣ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ነው። እማዬ «ሳሎኑ ወጥ ወጥ ይሸታል» ካለች ክርክር የለም። በየዘመዱ ቤትም ያየሁት ይኸንኑ ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ሰፊውና ብርሃን ያለው ክፍል ባለቤቶቹ የማይቀመጡበት ነው።

መጋቢት 2012 ላይ እንግዳ ቀረ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በ7 ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በ30 ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብም መጨባበጥም ተከለከለ። ታክሲ በግማሽ ወንበር ይጭን ጀመር፤ ታሪፉም እጥፍ ሆነ። አዲስ አበባ እንደ ሌላው ዓለም ከተሞች ጭራሽ አልተዘጋችም፤ ከአየር ጤና እስከ ጦር ኃይሎች ሰው ይወጣል፣ ይገባል። እኛ ግን እማዬ ስኳርም ግፊትም ስላለባት በራችንን በገዛ እጃችን ዘጋን።

በዚህ መሃል ነው እማዬ ሳሎኑ ለፋሲካ ቀለም ይቀባ ያለችው።

«ማን ሊመጣ ነው እማዬ?»

«ፋሲካ ይመጣል» አለችኝ።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፤ ልስኑም ጭቃ ነው። ከዓመታት በፊት የተቀባው ዘይት ቀለም ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ አብጦ፣ በጣት ሲነኩት ከነአፈሩ ይረግፋል። ቀለም ቀቢ ቤት ማስገባት አይታሰብም። ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን ግን ዕድሜያቸውን በዚሁ ሙያ የኖሩ አዛውንት ናቸው። ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አስረዱኝ። «ልጄ፣ ጭቃ ላይ ዘይት ቀለም መቀባት ሰውን በላስቲክ ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ እንደማቆም ነው። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ገፍቶት ይወጣል። ኖራ ስጪው፣ ይተንፍስበት።»

እውነታቸውን ነው። ኖራ ተቃጥሎ በውኃ የበረደ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል፤ ለእርጥበት ግን መንገዱን አይዘጋም። አሮጌው ቀለም በስፓቱላ ተፍቆ ይወርዳል፤ የቦረቦረው በጭቃና በጭድ ይደፈናል፤ ግድግዳው ውኃ ይረጭበታል፤ ከዚያ እንደ አጓት የቀጠነ፣ ጥቂት ጨው የገባበት ኖራ ደጋግሞ ይቀባል። ወፍራም ከሆነ ይላጣል። ሲቀቡት የሚታየው ውኃ ብቻ ነው፤ ጭቃው ከሥር ወለል ብሎ ይታያል። ንጣቱ የሚወጣው ሲደርቅ ነው፣ ያውም ከዳር ወደ መሃል። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላልና የወንድሜን የሞተር መነጽር አድርጌ ቀባሁ።

ቡፌው ከግድግዳው ሲነሳ ብርጭቆዎቹ ወጡ፤ ከሶፋው በቀር የሳሎኑ ዕቃ በሙሉ ማድ ቤት ገባ፤ ማድ ቤቱ መቆሚያ ሲያጣ የኤሌክትሪክ ምድጃው ወደ ሳሎን መጣ። እማዬ ዝም አለች።

ሳሎን በገባው ምድጃ የምናበስለው የጾም ነው፤ ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ገበያው ግን ተለውጦ ነበር፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ፌጦ ለበሽታው መድኃኒት ናቸው ተብሎ ዋጋቸው ሰማይ ነክቶ ነበር። ስለዚህ ወደ ስልጆና ወደ አዚፋ ዞርን። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ተገንፍቶ፣ ሲበርድ ስናፍጭ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት፣ ተከድኖ እስኪኮመጥጥ የሚቆይ ነው። ማቀዝቀዣ አይጠይቅም፣ ዘይት አይጠይቅም። ሽሮን የማይወድ ሰው አላውቅም፤ ስልጆ ግን ከተማው ውስጥ እየተረሳ መምጣቱ ያሳዝነኛል። 

የአዚፋው ቀን ግን ሁሉም ነገር ባንዴ መጣ። ድፍን ምስሩ ገና መንተክተክ እንደጀመረ መብራት ጠፋ። በረንዳ ላይ ከሰል አያያዝን፤ የበልግ ዝናብ ከነነፋሱ መጥቶ ከሰሉን አጠፋው። ከሰል ቤት ውስጥ ማስገባት ደግሞ ሰው የሚገድል ነገር ነው። ይህን ስንል ከቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ የገባው ውኃ ኮርኒሱን አልፎ፣ ገና ባልደረቀው ኖራ ላይ ከላይ እስከ ታች ቡናማ መስመር አሰመረ። እኔ ሳፋ ይዤ ስሮጥ እማዬ የፈላውን ድስት ከነክዳኑ በአሮጌ ብርድ ልብስ ደጋግማ ጠቀለለችና ሶፋው ጥግ አስቀመጠችው። ያ ዳንቴል የለበሰው ሶፋ! መሽቶ ስንከፍተው ምስሩ በራሱ ሙቀት በስሎ ጠበቀን፤ አልፈረሰም፣ አልጠነከረም። በሻማ ብርሃን ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ከተፍን፤ ስናፍጩን በውኃ በጥብጠን፣ ተወዶም ቢሆን አንድ ሎሚ ጨምቀን ለወስነው። በእንግዳው ብርጭቆ ውኃ ጠጣን፤ ሌላው ዕቃ የት እንደተቀበረ አይታወቅማ።

በማግስቱ መስመሩን ለጎረቤታችን በአጥር አሳየኋቸው፣ በስልኬ አንስቼ። «ኖራ አይደል? ይድረቅና ድገሚው» አሉኝ። ዘይት ቀለም ቢሆን ግድግዳውን እንደ አዲስ መፋቅ ነበረብኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፤ መስመሩ ጠፋ።

ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ሌሊቱን ቅዳሴውን በቴሌቪዥን ተከታተልን፤ ነጭ በነጭ የሆነው ሳሎን ውስጥ የተቀመጥነው እኛው ብቻ ነበርን። ምድጃው ወደ ማድ ቤት ተመለሰ፤ ምሳው ግን አልተመለሰም። የእማዬ እንዝርት መስኮቱ ሥር ገባ፣ የኔ ወረቀት ጠረጴዛውን ያዘ፣ ሽንኩርት መላጡም እዚያው ሆነ፤ ብርሃኑ እዚያ ነዋ።

እንቁጣጣሽ 2013 ዓርብ ዋለ። የአዋጁ ጊዜ አልቆ ነበርና አክስቴ ከወይራ ሰፈር መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየች።

«ውይ በሞትኩት! እንግዳ ቢመጣ ምን ልትሆኑ ነው?»

«መጣሽ አይደል እንዴ? ጥጡን ወዲያ በይና ተቀመጪ» አለች እማዬ። ጾም ነበርና አዚፋ ቀረበ፤ አክስቴ ጨጓራ ስላለባት ስናፍጩን ቀነስንላት።