አሳጣሪዎቻችን ይኑሩልን

ወጣቶቻችንን የሚወቅስ ሁሉ አፉን ይያዝ። አባቶቻችን ለአንድ ሰላምታ ግማሽ ቀን ሲፈጁ ኖረዋል፤ እንዴት አደርክ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ ሲባባሉ ነው ጀምበር የጠለቀችብን። እነሆ፣ ከዚህ ሁሉ ልፍለፋ የሚገላግለን ትውልድ መጣ። ይህ ትውልድ በስልኩ «ሰላም» ብሎ መጻፍ ብክነት መሆኑን ስለደረሰበት በላቲን ፊደል ኤስ-ኤል-ኤም ብሎ ያልፋል። አናባቢዎቹን እንደ እንክርዳድ ለቅሞ ይጥላቸዋል።

ትርፉን እንቁጠርለት። «ሰላም» በገዛ ፊደላችን ሦስት ነው፤ ኤስ-ኤል-ኤምም ሦስት ነው። እሺ፣ እኩል ወጣን። «ቻው» ሁለት ፊደል ነው፤ ሲያጥር ሲ-ኤች-ደብሊው ሆኖ ሦስት ይወጣዋል። «ደህና ነኝ» አምስት ነው፤ ዲ-ኤች-ኤን ኤን-ጂ-ኤን ተብሎ ሲታጨድ ስድስት ይሆናል። ቃል ሲያሳጥሩት የሚረዝምልን ሕዝብ ነንና ልንኮራ ይገባል። ለነገሩ ማሳጠሩን በአክሱም ዘመን የነበሩት ጸሐፍት ከ1,600 ዓመት በፊት ጨርሰውት ነበር፤ ተነባቢውን ካናባቢው አጣብቀው በአንድ ፊደል አስረከቡን። የዛሬው ልጅ ያንን ፈትቶ በላቲን ይበትነዋል፣ ከዚያ የበተነውን ያሳጥራል። ሥራ መፍጠር ማለት ይህ ነው።

ሐቁን ላለመደበቅ፣ ነገሩ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። የፊደላችን መለያ ቁጥሮች ዩኒኮድ ውስጥ (የኮምፒውተር የፊደላት መዝገብ ውስጥ) የገቡት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ስንቱ የእጅ ስልክ «እንዴት ነህ» ሲላክለት ባዶ ሳጥን ደርድሮ ያሳይ ነበር። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ለሳንቲም ሲባል አናባቢ ቢሰዋ ማን ይፈርዳል? መንግሥትም በማሳጠር አልተበለጠም፤ በእኛ አቆጣጠር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክትን ከሁለት ዓመት በላይ ዘግቶ ወደ ምንም አሳጥሮት ነበር። ዛሬ ግን የአማርኛው ኪቦርድ እጃችን ላይ ነው፤ ቴሌግራምም በፊደል ቁጥር አያስከፍልም። «ግን እኮ በአማርኛ ስትጽፍ አንዱን ፊደል ሁለቴ መንካት አለብህ» ይሉናል። እውነት ነው፤ ጣት ይደክማል። ያልተነካውን የሚሞላው ደግሞ የተቀባዩ ዓይን ነው። ጸሐፊው ያተረፈውን አንባቢው ይከፍላል፤ የዚህ ጥበብ ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

አንዲት እናት ደብረ ብርሃን ተቀምጠዋል እንበል። ባላቸው ለሕክምና አዲስ አበባ ገብተዋል፤ አስታማሚው ልጃቸው ነው። ማታ ስልካቸው ጢን አለ። «አባዬ ነገ» ይልና ዋይ-ኤም-ቲ-ኤል ይላል፤ አለቀ። እናት የጎረቤቱን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አስጠሩ።

«አንብብልኝ እስቲ፣ የኔ ልጅ።»

«እማማ፣ ወይ ‹ይመጣል› ነው፣ ወይ ‹ይመታል› ነው…»

«ማንን ነው የሚመታው ታሞ ተኝቶ?»

«…ወይ ደግሞ…»

«ወይ ምን?»

ልጁ ዝም አለ። በላቲኑ ‹ተ› እና ‹ጠ› አንድ ናቸው፤ አናባቢው ከወጣ ደግሞ መምጣትና መሞት አይለዩም። የላኪው ልጅ ስልክ ባትሪ ጨርሶ ተዘግቷል። ጎረቤት በነጠላ ተከናንቦ መግባት ጀመረ፤ አንዷ ቡና ልታፈላ ተነሣች፣ ሌላዋ ድንኳን የሚያከራይ ሰው ታውቅ እንደሆነ ቀስ ተብላ ተጠየቀች። ሰውየው በማግሥቱ በሰባት ሰዓት አውቶቡስ መጥተው በእግራቸው ገቡ። «ይመጣል» አራት ፊደል ነው፤ ዋይ-ኤም-ቲ-ኤልም አራት። ልጁ ያተረፈው ምን እንደሆነ ለቀስተኛው ይቁጠርለት።

መልስ የመስጠት ጥበባቸውም አይረሳ። አባት መነጽራቸውን አጥልቀው፣ በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ፣ «ውድ ልጄ ሆይ፣ ለጤናህ እንደምን ነህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» ብለው ጀምረው፣ ስለ ታናሽ እህቱ ፈተና፣ ስለሚፈሰው ጣሪያ፣ ስለ እድሩ ስብሰባ አትተው፣ በምርቃት ዘግተው ይልካሉ። መልሱ ወዲያው ይደርሳል፦ «ኬ»። አባት ቀሪው እስኪመጣ እራታቸውን አቆይተው ይጠብቃሉ። ልጅ በበኩሉ ያተረፈውን ጊዜ ያውቅበታል፤ ለጓደኛው የጻፈው ምኅጻር አልገባ ሲለው በቴሌግራም የአራት ደቂቃ ድምፅ ቀድቶ ይተነትንለታል።

«ቋንቋችን ተገደለ!» የሚሉ ታላላቆቻችን እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ደስ ይላል፤ ግን እጃቸው ላይ ያለውን ደብዳቤ አስቀምጠው ቢያጨበጭቡ። ደብዳቤው «ለክ/ከ/ት/ጽ/ቤት» ይላል፤ ከታች «ም/ኃላፊ» ፈርሞበታል፤ ግልባጩ ለሌላ አምስት እዝባር ተመርቷል። ባለጉዳይ ይህን ይዞ ከፎቅ ፎቅ ሲንከራተት ‹ት›ዋ ትምህርት ትሁን ትራንስፖርት የሚነግረው ዘበኛው ብቻ ነው። «ሰላም» ሦስት ፊደል ሙሉ ካልተጻፈ ብለው የሚያለቅሱት ሰው የወላጅ አባታቸውን ስም «ወ/ማርያም» ብለው ይጽፋሉ። ወልደ ማርያም ይሁኑ ወለተ ማርያም፣ አባት ይሁኑ እናት፣ አንባቢው ይገምት።

በማሳጠር የልጆቹን ያህል ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። እነሱ ወጣት በነበሩበት በአብዮቱ ዘመን በምኅጻረ ቃል ሰላም አልተባባሉበትም፤ ተታኮሱበት። ኢሕአፓ ነህ፣ መኢሶን ነህ ተብሎ ስንቱ ተጠየቀ። በ1969 ዓ.ም. የፖለቲካ ድርጅቶቹ መኢሶን፣ ወዝ ሊግ፣ ማሌሪድ፣ ኢጭአትና አብዮታዊ ሰደድ ኅብረት ሲፈጥሩ ምኅጻራትን የሚያቅፍ ታላቅ ምኅጻር ተወለደላቸው፦ ኢማሌድኅ። በ1972 ኢሠፓአኮ ተተካ፤ በኋላ ኢሠፓ ሲሆን «አኮ» ቀረችልንና እፎይ አልን። በመካከሉ፣ ልጇ የሞተበትን ምኅጻር ዝርዝሩን ሳታውቅ ያለቀሰች እናት ብዙ ናት። እሷም አንባቢ ነበረች፤ ከፈለች።

የማሳጠር ወግ ያላቸውን ለማየት የሚሻ የድጓ መምህራንን ይጠይቅ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደ ሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክት፣ ከመስመሩ በላይ በደቃቅ ብዕር የምትቀመጥ አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ናት። ፊደሏ ከአንድ የታወቀ ዜማ ተቀንጭባ የወጣች ስለሆነች መሪጌታው ሲያያት ሙሉው ዜማ ይመጣለታል። ታዲያ ተማሪው ያችን ፊደል ከማየቱ በፊት ሙሉውን በቃሉ ይዞታል፤ ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ወርዶ ድጓውን አስመስክሮበታል። እነሱ ያሳጠሩት ረጅሙን ለሚያውቅ ነው። እኛ ግን፣ በስልክም በደብዳቤም፣ ረጅሙን ላልነገርነው ሰው አጭሩን እንወረውራለን፤ ሳይገባው ሲቀር «ኋላ ቀር» ወይም «ነገ ተመለስ» እንለዋለን።

እንግዲህ ሁለቱን ትውልዶች የሚያስታርቅ ትሁት ሐሳብ አለኝ። በአስቸኳይ «ብ/የአ/ማ/ባ/ሥ/ን» ይቋቋም፤ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት የተቋሙን ዓላማ መጻረር ስለሚሆን አላብራራም። ወጣቶቹ ማመልከቻቸውን ያለ አናባቢ ያስገቡ፤ ታላላቆቹ በእዝባር መልስ ይስጡ። ፍቅረኛውን የሚጠይቅ «እ/እ/» ብሎ ይላክ፤ «እወድሻለሁ እኮ» ይሁን «እናቴ እየመጣች ነው» እሷ ትድረስበት። የቤት ኪራይ ውል፣ የሐኪም ማዘዣና የፍርድ ቤት ውሳኔ ከአንድ መስመር እንዳይበልጡ ይታገዱ። ተከሳሹ «ኤን-ኤስ» የምትል ወረቀት ሲደርሰው ነጻ ይሁን ንስሐ ይግባ ራሱ ይወስን። ቅር የሚለው ካለ ቅሬታውን ሙሉ በሙሉ፣ በረጅሙ፣ በሦስት ኮፒ ያቅርብ፤ መልሱ «ኬ» ነው።