የቀጠሮ ጾም

የስኳር ሕመምተኛ ባለበት ቤት በባሕረ ሐሳብ የማይቆጠር አንድ ጾም አለ። የሚያዘው የሐኪም ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ የሚፈታው ደሙ ተቀድቶ ገና ከላቦራቶሪው በር ሳይርቁ። በነዚህ ቀናት ጠጁ ይቀራል፣ ለስላሳው ይቀራል፣ ሰርግ ቢጠሩም «ትንሽ አሞኛል» ተብሎ ይቀራል። አብሽ ይዘፈዘፋል፣ የሽፈራው ቅጠል ይፈላል። ሁለት ወር ሙሉ ከኬክ ቤቱ ወንበር ያልተነሣው ሰውዬ ንጋት ላይ ቱታውን ለብሶ አስፋልቱን ሲያካልለው ይታያል።

ጾሙ ዋጋ አልነበረውም አይባልም። የጠዋቱ የባዶ ሆድ ምርመራ ብቻ በነበረበት ዘመን ብዙዎችን ከቁጣ አድኗል፤ ያ ምርመራ የሚያውቀው የዚያን ሰዓት ስኳር ነዋ። ነገሩን ያበላሸው «የሦስት ወሩ» የምንለው ኤችቢኤዋንሲ ነው።

የማውቃቸው አንድ ጋሼ የዚህ ጾም ቀናተኛ ናቸው። ባለፈው የባዶ ሆዱ ውጤት 112 መጣላቸውና ፊታቸው በራ። ሐኪሟ ሁለተኛውን ወረቀት ገለጥ አድርጋ፣ «አባባ፣ የሦስት ወሩ ግን 9.4 ነው። ምን ሲበሉ ነው የከረሙት?» አለቻቸው። ጋሼ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ማን ነው የነገረሽ?» ራሳቸው ናቸው እየሳቁ ያወሩልኝ።

የነገራት ሄሞግሎቢን ነው፤ ደማችንን ቀይ የሚያደርገው፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን። አራት ሰንሰለቶች አሉት። ቤታ በሚባሉት በሁለቱ ጫፍ ላይ ቫሊን የተባለ አሚኖ አሲድ አለ፤ ደም ውስጥ የሚዞረው ግሉኮስ እዚያ ላይ ይለጠፋል። ኤንዛይም አያሻው፣ ፈቃድ አይጠይቅ። ስኳሩ በበዛ ቁጥር የሚለጠፈው ይበዛል፤ አንዴ ቅርጹን ለውጦ ከተቆራኘ ደግሞ በአብሽ ውሃ የሚለቅ አይደለም። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ስለሆነ የተለጠፈበትን ይዞ እስኪሞት ይዞራል። የጋሼ 9.4 ማለት ከመቶ ሄሞግሎቢን ከዘጠኝ የሚበልጠው ስኳር ተለጥፎበታል ማለት ነው፤ 6.5 ከደረሰ እንኳ የስኳር ሕመም ይባላል። እርግጥ ከሦስቱ ወር የመጨረሻው ይከብዳል፣ የውጤቱን ግማሽ ያህል እሱ ይወስናል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ግን፣ ያን ሁሉ አብሽ ይዘው፣ ከቁጥር አይገቡም።

ጋሼ የሚቀየሙት ሰው ከፈለጉ ሳሙኤል ራህባር አለላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የስኳር ሕመምተኞች ደም ውስጥ ያልተለመደ ሄሞግሎቢን ማየቱን የጻፈው እሱ ነው፣ ቴህራን ሆኖ። ኬሚስትሪው እንኳ ከዚያ በፊት የታወቀ ነበር። ስኳርና አሚኖ አሲድ አብረው ሲሞቁ እንደሚጠቁሩ ፈረንሳዊው ማያር በ1912 ጽፎታል። የድፎ ዳቦ ቅርፊት የሚቀላው፣ ቡና ሲቆላ ሽታው ጎረቤት የሚጠራው በዚሁ ነው። በጋሼ ሰውነት ውስጥ እሳቱ 37 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ይዘገያል እንጂ አጀማመሩ ያው ነው።

«ስኳር እኮ አልነካም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ቡናቸውን መራራውን ነው የሚጠጡት፣ ሦስት እንጀራ ካወራረዱ በኋላ። የጤፍ ስታርች ግሉኮስ በግሉኮስ ላይ እየተቀጠለ የተሠራ ሰንሰለት ነው። የምራቅ አሚሌዝ ገና አፍ ውስጥ መበጠስ ይጀምረዋል፣ ትንሹ አንጀት ይጨርሰዋል፤ ደም ውስጥ ሲገባ ከሌማት ይምጣ ከስኳር ዕቃ ማንም አይለየውም። በባዶ ሆድ በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ መላ ደም ውስጥ የሚዞረው ግሉኮስ 5 ግራም ቢሆን ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ። ጋሼ ከስኒው ያስቀሩት ያችን አንድ ማንኪያ ነው። ሌማቱን ማን በማንኪያ ይለካል?

ማር ደግሞ «ተፈጥሮ ነው» ተብሎ ምሕረት ተደርጎለታል። ማር በአብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ ነው፤ ሱቅ የምንገዛው ስኳርም ሁለቱ ተጣምረው የሆነ። ንብ ስላመጣችው ቫሊን አያፍራትም።

ሐኪሟ ይህን ሁሉ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። ምርመራው የሚሳሳትበት ጊዜ እንዳለም አልደበቀችም፤ ብዙ ደም የፈሰሰው ወይም ደም የተሰጠው ሰው የቆዩት ሴሎቹ በአዲስ ስለሚተኩ፣ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ጋሼ ከዚያ ሁሉ ማብራሪያ የነቁት እዚህችው ላይ ነው።

«እንግዲያው ልጄ» አሏት፣ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርገው፣ «ቀጠሮዬ ሲቃረብ ደም ብለግስስ?»