የዘንዶዎቹ እናት በመርካቶ፦ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት ወደ ቴሌቪዥን ሲቀዱ ስለሚደርስባቸው የጥራት ለውጥ የተደረገ ጥናት

ልብ ወለድ ወደ ቴሌቪዥን ሲዞር ገጸ ባሕርያቱ ምን እንደሚሆኑ ሲመራመሩ የኖሩ ምሁራን ብዙ ናቸው። ሁሉንም አንድ ጉድለት ያመሳስላቸዋል፤ መርካቶ ገብተው አያውቁም። ገብተው ቢሆን ኖሮ የደከሙበት ጥያቄ እዚህ መልስ ካገኘ መቆየቱን ይደርሱበት ነበር። በአዲስ ከተማ ጫማም ሆነ የመኪና ዕቃ ከሦስት መደብ በአንዱ ይወድቃል፦ ኦሪጅናል፣ አንደኛ ደረጃ ኮፒ፣ እና ሻጩ ራሱ «እሱንስ ተወው» የሚለው። ይህ ጥናት ያንኑ መለኪያ በፋንታሲ ድርሰቶች ላይ ይሞክራል።

መረጃው የተሰበሰበው በፍላሽ ፊልም ከሚጭን አንድ ጠባብ ሱቅ ነው። የናሙናው መጠን በጫኚው ልጅ ትዕግሥት ተወስኗል። በኮምፒውተሩ ላይ «ህንድ»፣ «ቱርክ»፣ «ኮሪያ»፣ «አክሽን» እና «ታሪካዊ» የሚሉ ፎልደሮች አሉ። ጌም ኦፍ ትሮንስ የተገኘው «ታሪካዊ» ውስጥ ነው። ተመራማሪው ዘንዶ ያለበት ፊልም እንዴት ታሪካዊ እንደሚባል ጠየቀ።

«ዘንዶው ትንሽ ነው ጋሼ» አለ ልጁ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «በብዛት ፈረስና ሰይፍ ነው። ልጫነው?»

ከዚህ የተሻለ ምደባ በጽሑፍ አላጋጠመንም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ፋንታሲ አይደለም፤ ለቴሌቪዥን መሠራቱ ግን እዚህ ያስገባዋል። ይህን ድርሰት ብዙ ሰው ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው። በመሆኑም ዕድሜ የጠገቡ ነጋዴዎች የድርሰቱን ገጸ ባሕርይ ጉዱ ካሳን በደንብ ያውቁታል። መልኩን አላዩም፣ ግን ያውቁታል። ማንም ተዋናይ ጉዱ ካሳን ሆኖ ብቅ ቢል «እሱ እንኳ እንዲህ አይደለም» የሚል ፍርድ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ኦሪጅናሉ ገዢው ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ሻጭ ምን እንደሚያደርግ ንግድ ቤቶቻችን እስካሁን አላወቁም፤ ቴሌቪዥንም አያውቅም።

አሁን ጌም ኦፍ ትሮንስ ከመጽሐፎቹ ወደተቀዳው ደራሲ፣ ወደ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ዕቃዎች እንሂድ። የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የዘንዶዎቹ እናት ዴኔሪስ መጽሐፉ ላይ ዓይኗ ሐምራዊ ነው። ቴሌቪዥኑ በመጀመሪያ በሌንስ ሞክሮት ነበር፤ ለትወና አስቸገረ ተብሎ ቀረ። ጨርቅ ተራ ላይ ይህ ረጅም ሐተታ አያስፈልገውም፤ ቀለም ይለቃል ይባላል፣ ዋጋው ላይም ይቀነሳል።

የቲሪየን ላኒስተር ጉዳይ ግን ባለሙያዎቹን አስጨንቋል። መጽሐፉ ላይ በጦርነት አብዛኛውን አፍንጫውን ያጣል። ቴሌቪዥኑ ጠባሳ ብቻ አበጅቶለት አፍንጫውን ተወለት። ኮፒ ከኦሪጅናሉ ሲጎድል ያላየ የለም፤ ትርፍ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ግን በገበያው ታሪክ አይታወቅም። አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ አሳቡን ደጋግሞ አወጣ አወረደና «እንግዲህ አፍንጫው ከሌላ ሞዴል የመጣ ይሆናላ» ሲል ደመደመ።

ጆን ስኖው ታሪኩ ሲጀምር መጽሐፉ ላይ 14 ዓመቱ ነው። ቴሌቪዥኑ ጢም አብቅሎለታል። እዚህ ላይ ቴሌቪዥኑን አንወቅስም፤ በ14 ዓመቱ መርካቶ ቢገባ ሻይ አምጣ ተብሎ የሚላክ ልጅ የሰሜኑን ድንበር ይጠብቃል ቢባል ማን ያምናል። ዳሪዮ ናሃሪስ ደግሞ ለብቻው ጥናት ይገባዋል። በመጽሐፉ ጢሙ ሰማያዊ የተነከረ፣ ሦስት ቦታ የተከፈለ ነው። በቴሌቪዥኑ ሦስተኛ ምዕራፍ ረጅም ወርቃማ ጸጉር ይዞ፣ ጢሙን ተላጭቶ መጣ። በአራተኛው ምዕራፍ ሌላ ተዋናይ፣ ሌላ ጸጉር፣ ሌላ ፊት ሆኖ ተመለሰና ሁሉም ምንም እንዳልተፈጠረ አናገረው። ማሸጊያው ተቀይሮ ስሙ ያልተቀየረ ዕቃ መርካቶ ለዘመናት ሸጣለች፤ እንዲህ ዓይን ባወጣ መንገድ ግን አይደለም። ቢያንስ «አዲስ ነው የገባው» ይባላል።

ከባዱ ተቃውሞ የመጣው ራጉኤል አካባቢ መንፈሳዊ ሥዕል ከሚሸጡ እናት ነው። ፊልሙን ልጃቸው ስታይ ከጎን ሆነው አይተውታል። ፊት ለፊታቸው የተደረደረው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል እንደሚታወቀው ነው፦ ነጩ ፈረስ ከላይ፣ ዘንዶው ከታች፣ ጦሩ አፉ ውስጥ፣ ብሩታዊት ዛፍ ላይ ሆና እያየች። «ልጅቷ ዛፉ ላይ ነው መሆን የነበረባት፣ ልጄ» አሉ በሐዘን። «ወርዳ ዘንዶው ላይ ወጣችበት። ፈረሱስ የት ሄደ?» ተመራማሪው መልስ አላገኘም። ሃያሲዎች ስለ ዴኔሪስ ብዙ ጽፈዋል፤ ፈረሱን የጠየቀ አላየንም።

ዙፋኑን እንደ ገጸ ባሕርይ ከቆጠርነው ምን አለሽ ተራ መሄድ ግድ ነው። ማርቲን የብረት ዙፋኑን የጻፈው በሺህ የሚቆጠር ሰይፍ ቀልጦ የተሠራ፣ ረጅም፣ አስቀያሚና የሚቀመጥበትን የሚቆርጥ አድርጎ ነው። የቴሌቪዥኑ ዙፋን እንዳሰበው እንዳልሆነ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ፎቶው የቀረበላቸው በያጆች ብየዳውን አመስግነው ብረቱን መዘኑ፤ በዓይን። ሺህ ሰይፍ የሚያህል ብረት ወንበሩ ላይ የለም። የት እንደገባ ሲጠየቁ እርስ በርስ ተያዩ። እዚህ ሰፈር የጠፋ ብረት ሲፈለግ ሁልጊዜ የሚታይ አተያይ ነው።

እስካሁን የተዘረዘረው ሁሉ የተለመደ ንግድ ነው። ያልተለመደው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ተከታታዩ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀምር በዚያው ዓመት አምስተኛው መጽሐፍ ወጣ። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ተከታታዩን የሠራው ኤችቢኦ ግን አልጠበቀም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ታሪኩን ጨርሶ ዘጋው። ባጭሩ ኮፒው ከኦሪጅናሉ ቀድሞ ገበያ ገባ። ይህን ለአንድ የቆየ የጫማ ነጋዴ ስናስረዳ መጀመሪያ አላመነም። ሦስት ጊዜ አስደገመን። ከዚያ ዝም አለ፤ በሙያው ብልጫ የተወሰደበት ሰው ዝምታ ነበር። መርካቶ የዓለምን ዕቃ ሁሉ ቀድታለች፤ ገና ያልተሠራውን መቅዳት ግን ለማንም ትዝ ብሎት አያውቅም። «ቀብድ የተቀበለውስ ማነው?» ብቻ አለ በመጨረሻ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሲወጣ ውጭ አገር ያሉ ተመልካቾች እንደገና ይሠራልን ብለው አቤቱታ አሰሙ፤ ፊርማው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህም ለጫኚው ልጅ ተነገረው። ፍላሹን ነቅሎ እየሰጠን በአገጩ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ከክፍያ ቁጥሩ በላይ፣ በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀት «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።