ኤቨረስት ለቁርስ

በእግር ተራራ መውጣት ድሮ ቀረ። ዛሬ ኔፓል ውስጥ ኤቨረስትን ለማየት የሚያስፈልገው የማንቂያ ደወልና የባንክ ካርድ ብቻ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ካትማንዱ አየር ማረፊያ ይደርሳሉ፤ አምስት ሆነው ሄሊኮፕተር ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ሉክላ የምትባል የተራራ መንደር ላይ ነዳጅ ይቀዳል፤ ኤቨረስት የሚታይበት ካላ ፓታር የተባለ ኮረብታ ላይ ወርደው ፎቶ ይነሳሉ፤ ሲመለሱ 3,880 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሆቴል በረንዳ ላይ እንቁላል ይበላሉ፤ ለምሳ ካትማንዱ ናቸው። የዓለም ጣሪያ ታይቶ፣ ሆድ ሞልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ገበያ ወጥቶ በሻርብ ዋጋ መከራከር ይቻላል። ለአንድ ወንበር አንድ ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠየቃል፤ እንቁላሉ ግን አንዳንዴ በነፃ ነው።

ይህ ሁሉ እያለ በእግራቸው የሚሄዱትን ምን እንበላቸው? ከሉክላ ተነስተው የኤቨረስት ግርጌ ሰፈር ለመድረስ ስምንት ቀን ገደማ ይፈጅባቸዋል። ከስምንቱ ቀን ሁለቱን ደግሞ «ሰውነታችን ከፍታውን ይልመድ» ብለው ያባክኑታል። ጠዋት ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከሰዓት ይወርዳሉ፣ ትናንት ባደሩበት አልጋ ተመልሰው ያድራሉ። ሲመለሱ ፊታቸው ተልጦ፣ ጉልበታቸው ዝሎ፣ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ ነው። ጠይቋቸው፤ «ሕይወቴን የቀየረ ጉዞ» ይሏችኋል። የቀየረው ጫማቸውን ነው።

ከሁሉም የሚያሳዝኑኝ ግን ኤቨረስት ጫፍ ላይ መጀመሪያ የወጡት ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ ናቸው። በ1953 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ቡድናቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎችን አስከትሎ ከካትማንዱ ሸለቆ ተነሳና ተራራው አካባቢ ለመድረስ ብቻ ከሁለት ሳምንት በላይ በእግሩ ኳተነ። መውጣቱ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሜይ 29 ቀን ጫፉ ላይ ሲደርሱ የቆዩት ሩብ ሰዓት ያህል ነበር። የዛሬው ደንበኛ ካላ ፓታር ላይ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ናት። ለአምስት ደቂቃ ብሎ ያን ሁሉ ወር!

ሂላሪ ከዚያ በኋላ የሠራውማ ይብሳል። ያየውን አይቶ አገሩ ኒውዚላንድ ገብቶ ንቦቹን ማነብ ሲችል እየተመላለሰ በ1961 ኩምጁንግ መንደር ትምህርት ቤት፣ በ1966 ኩንዴ ላይ ሆስፒታል አሠራ። በ1964 ሉክላ ላይ የተዘረጋው የአውሮፕላን ማረፊያም የታሰበው ለዚሁ ሥራ ዕቃ ማመላለሻ ነበር። ምስጋና ለዘመኑ ይሁንና ማረፊያው ለተሻለ ጉዳይ ውሏል፤ እንቁላል በላተኞች ነዳጅ ይቀዱበታል።

ወደ ዋናው ትዕይንት እንሂድ። ካላ ፓታር ከ5,500 ሜትር በላይ ነው፤ ከእኛው ራስ ዳሸን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ይበልጣል። እዚያ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ግማሽ ገደማ ስለሆነ የሚቸገረው ሳንባ ብቻ አይደለም፤ የሄሊኮፕተሩ ክንፍም የሚጨብጠው ያጣል። ስለዚህ ከታች፣ ፈሪቼ የተባለ መንደር ላይ፣ መንገደኛው ይከፋፈላል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይወጣል፤ የቀረው ሜዳ ላይ እየተንቀጠቀጠ ተራውን ይጠብቃል። ማን ከማን ጋር ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ኪሎ ነው። ባልና ሚስት ለጫጉላ መጥተው በክብደት ምክንያት ኤቨረስትን በየተራ ቢያዩ አይግረማችሁ።

ላይ ሲደርሱ ክንፉ አይቆምም። ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። አንዱ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ አንዷ ፀጉሯን ከአፏ ታወጣለች፣ ሦስተኛው ስልኩ በብርዱ ጠፍቶበት በብብቱ ያሞቀዋል። ንግግር ሁሉ በጩኸት ነው።

«የቱ ነው?»

«ምን?»

«ኤቨረስት! የቱ ነው?»

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ከዚያ ቦታ ሲታይ ቀረብ ብሎ የቆመው ኑፕሴ የተባለው ተራራ ጎልቶ ይወጣና ኤቨረስት ከኋላ እንደ ተደበቀ ዓይነት ጥቁር ጫፉን ብቻ ያሳያል። በእግሩ የመጣው ሰው ተራሮቹን ለቀናት ከየአቅጣጫው ሲያያቸው ስለከረመ ይለያቸዋል። የአሥር ደቂቃው እንግዳ ግን ትልቁን መርጦ ጀርባውን ይሰጠዋል። ስንቱ ኑፕሴን አስቀርፆ «እኔና ኤቨረስት» ብሎ እንደለጠፈ እግዜር ይወቀው። ኑፕሴም 7,861 ሜትር ነውና በዚህ የሚያኮርፍ አይመስለኝም።

የከፍታ ሕመምስ? ካትማንዱ 1,400 ሜትር ላይ ናት። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ማለዳ አራት ሺህ ሜትር ሽቅብ መተኮስ ሐኪሞች የሚደግፉት ነገር አይደለም። አስጎብኚዎቹ ግን መላ ዘይደዋል፤ ሕመሙ እስኪነሳ ሰዓታት ስለሚፈልግ ያንን ጊዜ አይሰጡትም። ራስ ምታቱ ሲደርስ እርስዎ የሉም። ካስፈለገም አንዲት የኦክስጅን ጠርሙስ ከወንበሩ ሥር አለች። ያለ ኦክስጅን ጠርሙስ የማይቆዩበት ቦታ ሄደው «ንፁህ አየር ተነፈስኩ» ማለት የሚቻለው በዚህ ጉዞ ብቻ ነው።

እዚያው ካላ ፓታር ላይ ሌላ ሰው አለ። ሌሊት 10 ሰዓት ከሥር ካለው ከጎራክ ሼፕ ሰፈር ተነስቶ፣ ግንባሩ ላይ ባትሪ አስሮ፣ አሥር እርምጃ ሄዶ እየቆመ፣ እያለከለከ የወጣ ነው። ፀሐይ ስትወጣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ብስኩቱን ሊገምጥ ሲል ከሥሩ ዱብ ዱብ የሚል ድምፅ ይመጣል። ቀጥሎ አቧራው፣ ቀጥሎ ጠጠሩ፣ ቀጥሎ እየጮሁ የሚያወሩ ሦስት ሰዎች። ከሉክላ ከተነሳ ጀምሮ የመኪና ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ዝምታ ፍለጋ ነው የመጣው። ቅሬታ አለኝ ቢል መብቱ ነው፤ ግን በዚያ ጩኸት ማን ይሰማዋል?

ከዚያ ቁርሱ። በረንዳው በእውነት ያምራል፤ ፊት ለፊት አማ ዳብላም፣ ራቅ ብሎ ሎትሴና ኤቨረስት፣ ጠረጴዛው ላይ ኦምሌት። ግን ምግቡ እዚያ እንዴት ደረሰ? ከሉክላ በላይ የመኪና መንገድ የለም። የአካባቢው ዱቄት፣ የቢራ ሳጥን፣ የጋዝ ሲሊንደር በአብዛኛው የሚወጣው በሰውና በከብት ጀርባ ነው። ተሸካሚው ሸክሙን በግንባሩ ላይ በሚያልፍ ጠፍር ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ አጭር ዱላ ይዞ ይወጣል፤ ሲደክመው ዱላውን ከሸክሙ ሥር ያቆምና ቆሞ ያርፋል፤ አይቀመጥም፣ ከተቀመጠ መነሳቱ ሌላ ሥራ ነው። ለቱሪስት ጓዝ ተሸካሚዎች የተቀመጠው ልክ 30 ኪሎ ነው፤ የሸቀጥ ተሸካሚው ግን ስንት ኪሎ እንዳዘለ ራሱ ያውቃል። ሄሊኮፕተሩ በላዩ ሲያልፍ ቀና ብሎ እንኳ ሊያየው አይችልም። ጠፍሩ አይፈቅድለትም። እርስዎም ከላይ አያዩትም፤ በመካከላችሁ እኩልነት ሰፍኗል።

ተራራና ተራራ አይገናኝም፣ ሰውና ሰው ግን ይገናኛል ይባላል። ይህ ጉዞ ሰውና ሰውም እንዳይገናኝ አድርጎ ነገሩን አስተካክሎታል። በእግሩ የሚሄድ እንግዳ ጣጣው ብዙ ነው፦ በየመንደሩ ያድራል፣ ሻይ ያስፈላል፣ ዳል ባት ይበላል፣ ሙቅ ውሃ ይገዛል፣ ስልኩን ለመሙላት ሳይቀር ይከፍላል፣ ሲሰለቸው ደግሞ ምድጃው ዳር ተቀምጦ ባለቤቲቱን ስለ ልጆቿ ይጠይቃታል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ገንዘቡ ከሉክላ እስከ ጎራክ ሼፕ ተንጠባጥቦ ያልቃል። በሄሊኮፕተር የመጣው ግን የአካባቢው ነዋሪ የሆኑትን የሼርፓዎቹን ቤት በትህትና ከላይ አልፎ ይሄዳል። የሚተውላቸው ድምፁን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳያስከፍል።

ሼርፓዎቹ ታዲያ ምስጋና ቢሶች ናቸው። በ2024 መጨረሻ ላይ ኩምቡ የሚባለው የኤቨረስት አካባቢ ወጣቶች «በቃን» አሉ፤ ሄሊኮፕተሮቹ በሚያርፉባቸው ቦታዎች ላይ ባንዲራ ተከሉና ማረፊያ ነሷቸው። ኤቨረስት የሚገኝበት የሳጋርማታ ብሔራዊ ፓርክም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ የንግድ በረራ በክልሌ ውስጥ አይደረግ የሚል ትእዛዝ አወጣ። ፓርኩ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። የአገሬው ሰው ብርቅዬው አውሬ ይሸሻል፣ ከብቱ ይበረግጋል፣ የእግር ተጓዡ ይቀራል ይላል። ከኩምጁንግ መንደር በላይ የቆመውን የኩምቢላን ተራራ ደግሞ ጠባቂያችን ነው ብለው ማንም እንዲወጣበት አይፈልጉም። ተራራ እያላቸው አለመውጣት! እኛ አንድ ሺህ ዶላር ከፍለን ስንወጣ፣ እነሱ በደጃቸው ያለውን በነፃ ይተዉታል።

በዚያው በ2024፣ ኦገስት ላይ፣ እዚያው ኩምቡ ውስጥ ታሜ የምትባለው መንደር፣ ቴንዚንግ ልጅ ሆኖ ያደገባት፣ ከላይዋ ያለ የበረዶ ግግር ሐይቅ ፈንድቶ ጎርፍ ወረደባት። ቤቶች ሄዱ፣ ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም ሄዱ። በረዶው እየቀለጠ መሆኑን ለማየት ነዳጅ እያነደዱ ከመሄድ የተሻለ ዘዴ እስካሁን አልተገኘም፤ «ሳያልቅ ይዩት» የሚለውም ጥሩ ማስታወቂያ ይወጣዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «ሽማግሌዎችስ? ጉልበታቸው የደከመስ?» ይላል። እውነት አለው። ሰማንያ ዓመት የሞላቸው እናት ከመሞታቸው በፊት ኤቨረስትን ልይ ቢሉ እኔ ራሴ ደግፌ አሳፍራቸዋለሁ፤ ከነከዘራቸው። ችግሩ ማስታወቂያው የሚጠራው እሳቸውን አለመሆኑ ነው። ማስታወቂያው ላይ የቆመችው ወጣት ለስፖርት ቤት በወር ትከፍላለች፤ እዚያ ደግሞ ከቦታዋ ሳትንቀሳቀስ ደረጃ የሚያስወጣ ማሽን ላይ ትወጣለች። የሚጠራው «ጊዜ የሌለውን» ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ግን ግማሽ ዓለም አቋርጦ ኔፓል ድረስ መጥቷል።

ስለ ነፍስ አድን በረራም ቀልድ አቁሜ ልናገር። ከፍታው ሳንባው ውስጥ ውሃ የሞላበትን ሰው ከጎራክ ሼፕ አንስቶ በአንድ ሰዓት ሆስፒታል የሚያደርሰው ያው ሄሊኮፕተር ነው፤ እዚያ በረዶ ላይ የሚያርፉት አብራሪዎች በዓለም ላይ ካሉት ጎበዞች ጋር የሚቆጠሩ ናቸው። ግን ገበያው ይህንንም አልማረም። በ2018 የኔፓል መንግሥት ባደረገው ምርመራ ደህና ተጓዥ «ታመሃል» እየተባለ ሲጫንና አንድ በረራ ላይ የወጡ ሕመምተኞች እያንዳንዳቸው ሙሉ ሄሊኮፕተር እንደተከራዩ ተደርጎ ኢንሹራንስ ሲበላ እንደነበር ተጋለጠ። መንገደኛውን ሆዱን እንዲያመው ብለው ምግብ ውስጥ የመጋገሪያ ሶዳ የጨመሩ አስጎብኚዎች አሉ የሚል ክስም ተሰማ። የመንገደኛው ሆድ በሰላሙ ጊዜ እንቁላል፣ በክፉው ጊዜ ሶዳ ነው፤ በሁለቱም መጨረሻው ሄሊኮፕተር ላይ መውጣት ሆነ።

በጁላይ 2023 ኤቨረስትን ዓይተው ወደ ካትማንዱ ሲመለሱ የነበሩ አምስት ሜክሲኳውያንና አብራሪያቸው ሄሊኮፕተራቸው ተከስክሶ ሞቱ። በእነሱ አልቀልድም። የምቀልደው ከዚያ በኋላ በወጣው መመሪያ ነው። የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት እስከ ሴፕቴምበር የታገዱ «አስፈላጊ ያልሆኑ» በረራዎች ብሎ ሲዘረዝር ተራራ የማሳየት በረራን፣ ዕቃ አንጠልጥሎ ማጓጓዝንና ከሰማይ አበባ መበተንን በአንድነት ጻፋቸው። መንግሥት በማኅተም ያረጋገጠው ነው፤ ኤቨረስትን በአየር ማየትና አበባ መበተን በአንድ ሚዛን ላይ ናቸው። ሴፕቴምበር አለፈ፣ ዝናቡ ቆመ፣ ሰማዩ ጠራ፣ ቱሪስት መጣ። አስፈላጊ ያልሆነው ነገር ልክ ገበያው ሲከፈት አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ግን ሁሉንም የሚያስታርቅ ሐሳብ አለኝ። ችግሩ ክብደት ነው ተብሏል። የሚፈለገው ፎቶ ነው። ታዲያ ሰውየውን ማጓጓዝ ለምን አስፈለገ? ስልኩን ብቻ መላክ ነው። አንድ ስልክ ሩብ ኪሎ አይሞላም፤ ሁለት ሦስት ሰው በሚያወጣ ሄሊኮፕተር በመቶዎች የሚቆጠሩ ስልኮች በአንድ ዙር መጫን ይቻላል፤ ፈሪቼ ላይ መከፋፈል የለ፣ የኦክስጅን ጠርሙስ የለ። አብራሪው ወርዶ በሁሉም ኤቨረስትን ያነሳል፤ ቢቻል ትክክለኛውን ኤቨረስት። የደንበኛው ፊት ኋላ ይጨመርበታል፤ ዛሬ ለዚህ የሚሆን ቴክኖሎጂ የትየለሌ ነው። በቀን ደጋግሞ የሚጮኸው ሄሊኮፕተር አንዴ ብቻ ይጮሃል። ተሸካሚውም አንዴ ብቻ ይታገሣል። እርስዎ ሆቴልዎ ውስጥ እስከ ረፋዱ ይተኛሉ፤ እንቁላሉም ካትማንዱ ውስጥ በጣም ርካሽ ነው።