ከባሕር ማዶ የመጣ ነጭ አዝሙድ

ወዳጄ ሆዱን ቢነፋው የሕንድ መድኃኒት ከዱባይ አስላከ። አዩርቬዳ ነው፤ በሺህ ዘመን የሚቆጠር ጥበብ። ዋጋውን ለሚስቱ አልነገራትም፤ እኔም አልጠየቅኩ። ክዳኑን ሲከፍተው ሐረር ሸዋ በር ገበያ መሀል የቆምኩ መሰለኝ። አጅዋይን ይላል፤ ያው የእኛው ነጭ አዝሙድ! እናቱ ሽሮ ውስጥ ሲጨምሩት «ሸተተኝ» ብሎ የሚያኮርፍበት። ዝንጅብልና እንስላልም አለበት። ሁለቱንም በሩ አጠገብ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡ እናት «ለሆድ ፍቱን ነው» ቢሉት «በሳይንስ አልተረጋገጠም» ብሏቸው ያለፈ ሰው ነው።

ሕንድ ለሐረር እንግዳ አይደለችም፤ የራምቦ ቤት የምንለውን እንኳ የሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው ይባላል። ግን የጥንት ሕንዶች አዩርቬዳን ሲጽፉ የሐረርን ጫት ያሰቡት አይመስለኝም። ወዳጄ ከምሳ በኋላ ሆድ የሚያደርቀውን ይቅማል፤ ማታ የሚያላላውን ይውጣል፤ በማግስቱ ሕንድን ይረግማል።

ትናንት ባዶ ዕቃውን ይዞ ሸዋ በር አገኘሁት። እኚያው እናት ፊት ቁጢጥ ብሏል።

«እናቴ፣ ይቺን ይሙሉልኝ።»

ሞሉለት። በዱባዩ ዋጋ ላይ ትንፍሽ ያላለው ሰውዬ ዕቃውን ወዝወዝ አደረገና፣

«ምራቂስ የለውም?»