የፒካፕ ፍሬን የቤት ውስጥ ምርመራ፦ አጭር ጥናት

በገላን ግቢዎች የሚመረመር የፒካፕ ፍሬን ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ብረትና ዘይቱ አንድ፣ አስተያየቱ ሁለት። እግር ፔዳሉን ሲረግጥ ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል፤ ግፊቱ በቀጭን ቧንቧ አራቱም ጎማዎች ዘንድ ይደርሳል። ፊት ላይ ፓድ ዲስኩን ጨብጦ ይይዛል፤ ኋላ ላይ ሸራ ታምቡሩን ከውስጥ ይገፋል። የግፊቱን ሕግ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስረድቶታል። ዛሬ ግን ለማስረዳት የማይሰንፍ ጎረቤት ስላለ ፓስካል ብዙም አይፈለግም።

ሕመሙ በድምፅ ይጀምራል። ፍሬን ሲያዝ «ሲጢጥ» የምትለው ፓዱ ማለቁን እንድታሳውቅ ሆን ተብላ የተሠራች ቀጭን ብረት ናት። የተለመደው የመጀመሪያ እርዳታ ቴፑን ከፍ ማድረግ ነው፤ ፍቱንነቱም ድምፁ ወደ «ግርርር» እስኪለወጥ ድረስ አያጠራጥርም። ያን ጊዜ ብረት ከብረት እየተፋጨ ነው፤ የፓዱንም ዕዳ ዲስኩ መክፈል ጀምሯል።

ፔዳሉም የራሱ ምስክርነት አለው። እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቷል። ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ ከሰመጠ ዘይት ይፈሳል፣ ወይም የፖምፓው ጎሚኒ አልቋል። ከጠነከረ ሰርቮው ይጠረጠራል፦ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ ደጋግሞ ይረገጣል፤ እግር ሳይነሳ ሞተሩ ሲነሳ ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ጤነኛ ነው።

ሃይሉክስ የራሱ ምዕራፍ ይገባዋል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘ ጭነት መለኪያ ቫልቭ አለ፤ መኪናው ዝቅ ሲል ተጭኗል ብሎ ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። ባለቤቱ አብዝቶ ለመጫን ባሌስትራ ካስጨመረ መኪናው ከፍ ይላል፤ ቫልቩም ባዶ ነው ብሎ ያምናል። እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ ሲወረድ እውነቱን የሚናገረው ሲሚንቶው ብቻ ነው።

አየር ማውጣት የሁለት ሰው ሥራ ሲሆን ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል። አባት ጎማው ሥር ተኝቶ የማስወጫዋን ቡሎን ይፈታል፤ ላስቲክ ቱቦ ከእሷ ተነስቶ ዘይት ወዳለበት የሃይላንድ ጠርሙስ ይገባል። ልጅ ፔዳሉ ላይ ይቀመጣል። የሥነ ሥርዓቱ ቃላት ሦስት ናቸው፦ «ርገጥ!»፣ «ያዝ!»፣ «ልቀቅ!»። «አባዬ፣ ልልቀቅ?» ሳይባል፣ ቡሎኗም ሳትጠብቅ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ያን ጊዜ ሌሎች ቃላት ይጨመራሉ።

ዘይትን በተመለከተ «ዘይት ሁሉ ዘይት ነው» የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ተከታዮች አሉት። ሆኖም የሞተር ዘይት ጎሚኒውን ያሳብጠዋል። ትክክለኛው የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 3 አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ልኩ ወደ 140 ይወርዳል። ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ጠርሙስ ርካሽ የሚሆነው እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ነው።

የተጠገነ ፍሬን የሚሞከረው ገላጣ ሜዳ ላይ በዝግታ እንጂ የአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ አይደለም። ፔዳሉ አሁንም ከሰመጠ የአስተያየት ስብሰባው ተዘግቶ መካኒክ ይጠራል፤ ፒካፑ እየተነዳ ወደ ጋራዥ አይሄድም። ምርመራው የተደረገው አስፋልት ዳር ከሆነ ደግሞ አንድ ሥራ ይቀራል። ለታኮ የተቀመጠ ድንጋይ መንገድ ላይ ሲተው ፍሬኑ ደህና የሆነውንም መኪና ይገለብጣልና፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ድንጋዩ ይነሳ።