ከቀዩ መስመር በላይና በታች

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፊርማ ወረቀት እስካሁን የሚገባውን የምርምር ክብር አላገኘም። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ጠዋት ጠዋት የሚዘረጋው ይህ ባለ ሠንጠረዥ ሰነድ፣ የሳምንቱን 39 የሥራ ሰዓት በአንድ እስክሪብቶ ያረጋግጣል። 2፡30 ሲሞላ ቀይ መስመር ይሰመራል። መስመሩም ሠራተኛውን ሁለት ወገን ያደርገዋል፤ በላይና በታች።

የበላዩ ወገን አመጣጥ ቅደም ተከተል አለው። ጽዳት ሠራተኛዋ ወረቀቱ ሳይዘረጋ ደርሳ ወለሉን ጨርሳለች። ከእሷ ቀጥሎ ተላላኪው፣ ከዚያ ባለሙያው ይፈርማሉ። ቡድን መሪው ደስ ባለው ቀን ይፈርማል። ኃላፊው አይፈርሙም። ከዚህ በመነሳት ደመወዝ ሲጨምር ፊርማ እንደሚቀንስ ተደርሶበታል። በነሐሴ 2015 የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ቢሮዎቹን ወልቂጤንና ቡታጅራን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ስለደለደለ ግኝቱ ይበልጥ ጠንክሯል፤ ኃላፊው ዛሬ በአንድ ጊዜ በብዙ ከተማ አለመፈረም ይችላሉ። «የት ናቸው?» ለሚል ባለጉዳይ «ሆሳዕና ስብሰባ ላይ» የሚለው መልስ በቂ ነው።

የበታቹ ወገን ባጃጅ ያጣ፣ ዝናብ የያዘውና ልጅ የታመመበት ተብሎ ይከፈላል። እነዚህ ይታወቃሉ።

ያልተጠናው የአደራ ፈራሚ ነው። ይህ ሰው የራሱን ፈርሞ እጁ ሳይነሳ የወዳጁንም ይፈርማል። ሦስት ንዑስ ዓይነቶች አሉት። ቀጂው የጓደኛውን ፊርማ ከባለቤቱ አሳምሮ ስለሚጽፍ፣ ባለቤቱ ራሱ የፈረመ ዕለት ይጠረጠራል። ባለ ሁለት እስክሪብቶው ቀለም ይቀይራል። ጫሪው ደግሞ አርቆ አሳቢ ነው፤ ገና ሲቀጠር ፊርማውን ለወዳጅ እንዲመች አድርጎ አሳጥሮታል።

ሥርዓቱ የሚመራው እንደ እቁብ ነው። ዛሬ የወሰደ ነገ ይከፍላል፤ ሁለት ቀን አስፈርሞ በተራው የቀረ ሰው ሦስተኛ ቀን የሚፈርምለት አያገኝም። ይግባኝ የለም። ደንብ ያልገራው ሠራተኛ ለዚህ ሲል 2፡20 ላይ ከተፍ ይላል። ከጠረጴዛው በላይ 12ቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ተለጥፈዋል። የአደራ ፈራሚው ታማኝነትን፣ ምስጢር መጠበቅንና አድልዎ አለመፈጸምን ያለ እንከን ያሟላል። ግልጽነት ብቻ ይቀረዋል።

የጣት አሻራ ማሽን ይህን ሊያጠፋ መጥቶ ነበር። ጣት በአደራ አይሰጥም። መብራት ግን ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ወረቀቱ ከመሳቢያ ይወጣል።

መስቀል ሲደርስ ምደባው ሁሉ ይፈርሳል። ሕጉ የሚያውቀው መስከረም 17ን ብቻ ነው፤ የጉራጌ መስቀል ግን በአንድ ቀን አያልቅም። በዚያ ሰሞን ቀዩን መስመር የሚያሰምረው ሰውም አገር ቤት ክትፎ ላይ ስለሆነ፣ የበላይና የበታች የሚባል ነገር አይኖርም። አረፋም እንዲሁ ነው።

ጥናቱ ለንጽጽር ወደ ግል ሥራ ተሻግሮ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል፤ ዝቅተኛውን ደመወዝ ግን በቁጥር አላስቀመጠም። በአውራ ጎዳናው ዳር ባለ ክትፎ ቤት የምትሠራ አስተናጋጅ የምትፈርምበት ወረቀት የላትም። አሠሪዋ ከገንዘብ መቀበያው ኋላ ተቀምጠው ከጠዋት እስከ ማታ ያዩዋታል። ስለ ቀዩ መስመር፣ ስለ ቀጂውና ስለ ጫሪው በዝርዝር ሲብራራላት በጥሞና ሰማች። ከዚያም ትሪዋን እንደያዘች፣ የቅጥር ማስታወቂያው የሚለጠፈው የትኛው ሰሌዳ ላይ እንደሆነ ጠየቀች።